የመኪና ማድረቂያ ፎጣችሁ ቀለም እየቧጨረ ነው

ይድረስ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከእናንተ የገዛሁት ማይክሮፋይበር ፎጣ የመኪናዬን ኮፈኖ ቧጭሮብኛል። ይሄን ስነግራችሁ የመለሳችሁልኝ መልስ ደግሞ ከጭረቱ በላይ አናዶኛል።

መኪናዬን የማጥበው ቤት ነው። ጥላ ውስጥ፣ ሞተሩም ኮፈኖውም ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በመኪና ሻምፖ። አጥቤ እንደጨረስኩ ወዲያው አደርቃለሁ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም አለ፤ ውሃው ሲተን እነሱ ቀለሙ ላይ ይቀሩና ነጭ ነጠብጣብ ይሆናሉ፣ ከቆዩ ደግሞ ማስለቀቁ መከራ ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ማድረቂያ የፈለግኩት። ማሸጊያችሁ ላይ «ውሃ ባንዴ ይመጥጣል፣ ቀለም አይቧጭርም» የሚል አየሁና አምኜ ገዛሁ።

አሁን ፎጣውን አንድ ጊዜ እጃችሁ ላይ ያዙትና እዩት። መሃሉ ለስላሳ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጠርዙ ግን ዙሪያውን በደረቅ የናይለን ክር ተሰፍቷል፣ ጥፍር ሲያልፍበት ክርክር ይላል። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ጠንካራ የጽሑፍ ምልክት ተሰፍቶበታል፣ እሱም ጫፉ ስል ነው። መኪናዬ ጥቁር ናት። በስልክ መብራት ከጎን ሲታይ ኮፈኖው ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ ሁሉም ፎጣው በተሳበበት አቅጣጫ የሄዱ። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ።

የእናንተ ሠራተኛ ምን ብሎ መለሰልኝ? «የአካባቢዎ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ነው»። ኧረ ተዉ! ማዕድን የበዛበት ውሃ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይተዋል እንጂ መስመር አያሰምርም። በዚያው ውሃ፣ በዚያው ሻምፖ ታጥቦ፣ ጠርዙ ባልተሰፋ ሌላ ፎጣ የደረቀው የኋላ በር ምንም የለውም። ፎቶውን የከፈተው ሰው ቢኖር ይሄ መልስ አይጻፍም ነበር።

አንጀቴን ያሳረረኝ ግን አብሮ የመጣው ወረቀት ነው። «ልስላሴው እንዲቆይ በልብስ ማለስለሻ ይጠቡት» ይላል። ማይክሮፋይበር ውሃ የሚመጥጠው ክሮቹ እጅግ ቀጭን ሆነው ውሃው በመሃላቸው ስለሚገባ ነው። ማለስለሻ ደግሞ ክሩ ላይ የቅባት ሽፋን ይተዋል፤ ያኔ ፎጣው ውሃውን መምጠጡን ትቶ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። እንዳላችሁት አጠብኩት፣ እንደዚያው ሆነ። ይሄን ፎጣ የሚሸጥ ድርጅት ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? በዚያ ላይ ወረቀቱ «ጫን ብለው ይጥረጉ» ይላል። እርጥብ ቀለም ላይ ፎጣው ተዘርግቶ ቀስ ተብሎ መታ መታ ይደረጋል፣ ወይም ሳይጫኑት በስሱ ይሳባል። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ቀርታ ከሆነ ጫን ማለት እሷን ይዞ መቧጨር ነው።

ጭረቱን ፖሊሽ ያጠፋዋል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ፖሊሽ የሚያጠፋው ግን ከላይ ያለውን ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚጠብቀውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ በስሱ እየላገ ነው። ክሊሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ ከፀጉር የሳሳ። አንዴ የተላገው አይመለስም፣ ስለዚህ ይሄ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

የምፈልገው ይሄ ነው። የፎጣውን ገንዘብ መልሱልኝ፣ የኮፈኖውን የፖሊሽ ወጪም ሸፍኑ። ስለ ማለስለሻና ስለ መጫን የጻፋችሁትን ከወረቀቱ አውጡ፣ ምክንያቱም ነገ ሌላው ሰው እንደኔ አምኖ ያደርገዋል። ጠርዙን ያለ ስፌት ማድረግ ካልቻላችሁ ቢያንስ በለስላሳ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ያንን የጽሑፍ ምልክትም አንሱት። «ቀለም አይቧጭርም» የሚለውን ደግሞ ይሄ እስኪስተካከል ማሸጊያው ላይ አትጻፉ።

ፎጣውን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፣ ማየት ከፈለጋችሁ እልካለሁ። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ ግን እንዳትልኩልኝ፤ ፎቶዎቹን ከፍቶ ያየ ሰው ይጻፍልኝ።

ደንበኛችሁ