ሳሻ ሹልጂን አረፉ

ውድ አባላት፣

ሳሻ እያልን የምንጠራቸው ኬሚስት አሌክሳንደር ሹልጂን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2014 ካሊፎርኒያ፣ ላፋዬት ባለው ቤታቸው በ88 ዓመታቸው አረፉ። የጉበት ካንሰር ነበረባቸው።

ኤምዲኤምኤ (ኤክስታሲ በመባልም የሚታወቀው፣ ስሜትንና አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር) ለሥነ ልቦና ሐኪሞች ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። የሚሠሩት ጓሯቸው ባለች ትንሽ ላብራቶሪ ነበር። አዲስ ንጥረ ነገር ሲሠሩ መጀመሪያ የሚሞክሩት በራሳቸው ላይ ነው፤ ከኢምንት መጠን ጀምረው፣ ቀስ እያሉ፣ የተሰማቸውን ሁሉ እየመዘገቡ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ምንም አለመደበቃቸው ነው። አሠራሩን ሳይቀር አሳትመው ለሁሉም ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1994 ቤታቸው ተፈትሾ የምርምር ፈቃዳቸውን አጡ። መጻፋቸውን ግን አላቆሙም።

ነፍሳቸውን ይማር። ለባለቤታቸው ለአን መጽናናትን እንመኛለን። በምንልክላቸው የሐዘን ደብዳቤ ላይ ቃል መጨመር የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።