ለእታለም፣ ለሌሎቻችሁም ሁሉ

ቅዳሜ ማታ የሱፍ ልብሶቼን ለማሳየት ባዘጋጀሁት ትርኢት አዳራሹ ጢም ብሎ ሳየው እግሬ ተንቀጠቀጠ። ልናገረው ያዘጋጀሁት ምስጋና ነበር። ማይኩን ስይዝ እንባ ቀደመኝ። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

ያለፈውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባው ሱቅ፣ በ2012 በኮቪድ ሰርጉ ሁሉ ሲቀር የተሰረዙት ትእዛዞች፣ ዕዳው። እዚህ ደብረ ብርሃን መጥቼ እንደገና ስጀምር ደግሞ የ2014 ኅዳር ጦርነት መጣ። አልደግመውም። ከአዲስ አበባ ስመለስ 130 ኪሎ ሜትሩን አንድ ቃል ሳልናገር ነው የጨረስኩት። ሁለት የስፌት መኪናና አንድ መቀስ ብቻ ይዤ ነበር።

እታለም የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። የሚኖሩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። እናቴን ሊጠይቁ መጥተው እኔን ጥግ ይዤ አዩኝ። አይዞሽ እንኳ አላሉኝም። በወሩ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የሱፍ ፈትል ይዘው በአውቶቡስ ተመልሰው መጡ። «በዚህ ሥሪ» አሉኝ።

እኔ የማውቀው የሽሮ ሜዳን ሥራ ነበር፤ ነጭ ጥጥ፣ ጥለት፣ ጥበብ። ሱፍ ማለት ለእኔ የአያቴ ጥቁር በርኖስና አልጋ ላይ የሚነጠፍ ዝተት ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን ለእናንተ አልነግርም። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ልጅ ሆኜ፣ ለዚህ ብርድ የሚሆን ልብስ መስፋት አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው። በደንብ ካልተለየና ካልተበጠረ አንገት ይበላል። እታለም ለስላሳውን ከሻካራው በጣታቸው እየለዩ አሳዩኝ። የመጀመሪያው ካፖርት ሲታጠብ ተኮማተረ፤ ገበሩ ከታች ተንጠለጠለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ገለበጥ አድርገው አዩትና «ጨርቁን ሳትቆርጪ እጠቢው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይታጠብ መቀስ ያረፈበት ጨርቅ ቤቴ የለም።

የፈትሉን ዋጋ ስጠይቃቸው «ስትሸጪ» ይላሉ። ስምንት ወር ሙሉ «ስትሸጪ»። ከእሳቸው ጋር የሚፈትሉት ሴቶችም አብረው ጠበቁኝ። እነሱም ቤት ልጅ አለ፣ እነሱም ቤት ጤፍ ይገዛል። ይህን ሳስበው አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

እታለም፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ያነብልዎታል። አንቱ ባይመጡ ኖሮ መኪናዎቹን ልሸጥ ገዢ አናግሬ ነበር። ለእናቴም አልነገርኳትም።

ሸማኔዎቼ፣ ሱፉ እያስቸገራችሁም ሳትሰለቹ ስለሠራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እቁብተኞቼ፣ ተራችሁን ለእኔ ለቃችሁ እጣውን ስለሰጣችሁኝ። ልብሱን ለብሳችሁ ያለ ክፍያ መድረክ ላይ የወጣችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ፣ ያንተን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ ቤት እነግርሃለሁ።

ረስቼ! አርብ ማታ መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ ይዛ የመጣችው ጎረቤቴ። ጭሱ እያቃጠላት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አብራኝ ተኮሰች። አንቺ ባትኖሪ ቅዳሜ የሚለበስ ልብስ አልነበረም።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ፤ ልቤ ገና አልተረጋጋም።

እታለም፣ መጨረሻ ላይ የወጣው ጥቁሩ ካፖርት አይሸጥም። ሦስት ሰው ጠይቆኛል። የአንቱ ነው። እጅጌውን ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ ሲፈትሉ እንዳይጎትትብዎ። ለገና ይዤው እመጣለሁ።