ለአህያ የመምረጥ መብት የጠየቀ ፈላስፋ የለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እኛም ኮምቦልቻ ሆነን አንብበነዋል። ሰውየውን “ሰውና እንስሳ እኩል ናቸው ባይ” ያላችሁበት ዓረፍተ ነገር ግን አልዋጥ ብሎኛል። እንዲህ አላለም። ያለው፣ ስቃይ በእኩል ሚዛን ይመዘን ነው። የቀረው ትችታችሁ በሙሉ የቆመው በዚህች ስህተት ላይ ስለሆነ በዝምታ አላልፈውም።

እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን ራሱ አብራርቶታል። ውሻ ድምፅ መስጠት ስለማይችል የመምረጥ መብት አለው የለውም ማለት ትርጉም የለውም ይላል። ፈረስን በመዳፍ ቢመቱት ቆዳው ወፍራም ነውና ብዙም አይሰማውም፤ ያው ጥፊ ሕፃን ላይ ሲያርፍ ያማል፤ ስለዚህ ሕፃኑን መምታት ይብሳል። ፈረሱን የዚያን ያህል የሚያሳምም ዱላ ግን አለ፤ ያለ በቂ ምክንያት በዚያ የመታው ሰው ጥፋቱ ያው ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታምም እ.ኤ.አ. በ1789 ጥያቄው እንስሳት ያስባሉ ወይ ሳይሆን ይሰቃያሉ ወይ ነው ብሎ ነበር።

ይህን ሳትነግሩን “ለጋሪ ነጂና ለአህያ ጫኝ ይህ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው” ብላችሁ ደመደማችሁ። ማንን ጠይቃችሁ? ደሴ ሰኞ ገበያ ወጥታችሁ አንድ ጫኝ ብታነጋግሩ ስለ ገጣባ፣ ጭነት ስለሚያወጣው የጀርባ ቁስል፣ ይነግራችሁ ነበር። ገጣባ የሚወጣው ከሸክሙ ሥር የሚነጠፈው ድልድል ሲሳሳና ሸክሙ አከርካሪ ላይ ሲያርፍ ነው። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ብቻ ጣል አድርጎ መጫን ላቡን ያፍነዋል፤ ቆዳው ይርሳል፣ ይላጣል፣ ዝንብ ይወረዋል። የሚያውቅ ጫኝ ጭድ በጆንያ ጠቅጥቆ ሁለት ጥቅል ይሠራና ግራና ቀኝ አስተኝቶ የአከርካሪውን መስመር ባዶ ይተወዋል። ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ወደ ጫንቃ ስለሚንሸራተት ከጭራ ሥር የሚያልፈውን ገመድ በጨርቅ ይጠቀልለዋል፤ ራቁቱን የታሰረ ናይለን ሥጋ ይበላል። ከክብደቷ ሲሶ በላይ የማትችል አህያ ላይ ኩንታል ሲጫን ግን ድልድልም አያድናትም። የቆሰለ ጀርባ በጨው ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ ቆዳ እስኪያወጣ ካረፈ ይሽራል። አህያዋ ካረፈች ደግሞ የዕለት እንጀራ የለም። የማን ስቃይ ለየትኛው ጥቅም? ሲንገር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ጫኙም በየቀኑ ይመዝነዋል። በእንስሳው ፊት ቢላዋ አይሳልም እያለ ያደገን የወሎ ሰው ይህ አይገባህም ማለት ንቀት ነው።

ሲንገርን “ተገላባጭ” ማለታችሁም አሳዝኖኛል። ለረጅም ጊዜ መልካም ነገር ማለት የፍላጎት መሟላት ነው ሲል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሌላ ፈላስፋ ጋር በጻፈው መጽሐፍ ደስታና ስቃይ ራሳቸው መለኪያ ናቸው ወደሚለው አዘነበለ። ክርክሩ ወደ ወሰደው ሄደ፣ ምክንያቱንም በግልጽ ጻፈ። እውነትን የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያድርግ?

በሐሳቡ የማልስማማበት ቦታ አለኝ፤ በተለይ በጠና ታመው ስለሚወለዱ ሕፃናት የጻፈው ይከብደኛል። እሱን ብትሞግቱት ኖሮ አብሬያችሁ እቆም ነበር። እናንተ የሞገታችሁት ግን ያላለውን ነው።

እርማቱን በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። ከዚያ በፊት አንድ ጫኝ አነጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ