የግጥሙን ባለቤት ጻፍ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል። ውርጩ ግን ዘንድሮ በርትቷል፤ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ከቤት አልወጣም። እናትህ ትስምሃለች።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ባለፈው እሑድ የአክስትህ ልጅ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብሎ ለገና የምታወጣውን የዘፈን ማስታወቂያ በስልኩ አሳየኝ። ፎቶህን አየሁ፤ ከስተሃል፣ ምግብ በሰዓቱ እየበላህ አይመስለኝም። ከፎቶው ሥር «ግጥምና ዜማ» ይላል፤ ከዚያ ያንተ ስም ብቻ። እናትህ ፎቶውን እልል ብላ ሳመችው። እኔ ዝም አልኩ፤ ጽሑፉን ያነበብኩት እኔ ነኛ።

ዜማው ያንተ ነው። በክራር ስትፈልገው፣ ስታጣው፣ እንደገና ስታገኘው ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ማንም አይወስድብህም። ግጥሙ ግን የመሪጌታ ልጅ ነው። ባለፈው ገና መጥተህ ሳለ እዚሁ ደጃፋችን ላይ ከደብተሩ ገንጥሎ ሲሰጥህ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር እነግርሃለሁ፤ የግጥሙን ባለቤት ስም ሳታወጣ ዘፈኑን አታውጣ።

የገና ዘፈን የሕዝብ ነው ትለኝ ይሆናል። ሜዳ ላይ ሩር እየለጉ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚሉትን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ እሱን እንደ ልብህ ዝፈነው። ያንተ ግጥም ባለቤት ግን በሕይወት አለ። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ተቀምጦ እየተማረ ነው።

ፈረንጆቹ ለልደት የሚዘምሩትን «ሳይለንት ናይት»ን፣ «ጸጥ ያለች ሌሊት» ማለት ነው፣ ታውቀዋለህ። በማስተማር ዘመኔ ስለ እሱ ያነበብኩትን ልንገርህ፤ ያንተን ነገር ከሰማሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠራቸው።

ግጥሙን የጻፈው ዮዜፍ ሞር የሚባል የኦስትሪያ ቄስ ነው። በ1792 ሳልዝበርግ ከተማ ተወለደ። እናቱ ሹራብ እየሠራች የምታድር ድኻ ነበረች፤ አባቱ ከጦሩም ከእሷም የኮበለለ ወታደር። ከጋብቻ ውጪ በመወለዱ ቅስና ለመቀበል ልዩ ፈቃድ አስፈልጎታል። ግጥሙን በ1816 ማሪያፋር በምትባል መንደር ሲያገለግል ጻፈው። የናፖሊዮን ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1815 ፈንድቶ ስለነበር የአውሮፓ ሰማይ ተጋርዶ፣ በጋው ሳይሞቅ አልፎ፣ እህሉ በብርድ ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ዓመት ተቀምጦ ሰላም ስላደረባት ሌሊት መጻፉ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ኋላ ኦበርንዶርፍ ወደምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ረዳት ቄስ ሆኖ ተዛወረ። በዲሴምበር 24 ቀን 1818 ግጥሙን ለፍራንትስ ክሳቨር ግሩበር ሰጠው። ግሩበር የሸማኔ ልጅ ነው፤ አርንስዶርፍ በሚባል ጎረቤት መንደር ያስተምራል፣ ኦበርንዶርፍ መጥቶ ኦርጋን ይመታል። ለሁለት ድምፅና ለጊታር የሚሆን ዜማ አውጣለት አለው፤ በዚያው ቀን አወጣለት፣ በዚያው ሌሊት ሁለቱ ቆመው ዘመሩት፣ ጊታሩን የመታው ሞር ነው። አይጥ የኦርጋኑን ወናፍ በልታው ነው በጊታር የዘመሩት የሚባለው ኋላ የተጨመረ ተረት ነው፤ ግሩበር በጻፈው ቃል ውስጥ የለም።

አሁን የሚመጣውን ረጋ ብለህ አንብብ። ካርል ማውራኸር የሚባል ኦርጋን ሠሪ መዝሙሩን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቲሮል ተራሮች ወሰደው። እዚያ የሚዘምሩ ቤተሰቦች ተቀበሉት። ሽትራሰር የሚባሉት ጓንት ለመሸጥ ላይፕዚግ ድረስ ሲወርዱ ዘመሩት፤ ራይነር የሚባሉት በ1839 ኒውዮርክ አደረሱት። ድሬስደን ላይ ሲታተም «የቲሮል ዘፈን» ተብሎ ወጣ። የሞር ስም የለም፤ የግሩበርም የለም። እያማረ ሲሄድ አንዱ የሃይድን ነው አለ፣ አንዱ የሞዛርት፣ ሌላው የቤትሆቨን። ትልቅ ሥራ ሲገኝ ለትልቅ ስም መስጠት የሰው ልማድ ነው። ሞር ይህ ሁሉ ሲሆን ከደብር ደብር እየተዛወረ ሲያገለግል ኖሮ በ1848 ቫግራይን በምትባል መንደር ድኻ ሆኖ ሞተ። በሕይወት ሳለ የተሣለ መልክ እንኳ የለውም።

በ1854 የበርሊን ቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች መዝሙሩ የዜማ ደራሲው የሚካኤል ሃይድን እንደሆነ ለማጣራት ወደ ሳልዝበርግ ላኩ። ጥያቄው ሲዞር ግሩበር ዘንድ ደረሰ። ግሩበር በዚያን ጊዜ 67 ዓመቱ ነው። ልጄ፣ እዚህ ላይ ቁም። ሞር ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ የሚከራከርለት የለም። ግሩበር ሁሉንም የእኔ ነው ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እሱ ግን ረዳት ቄስ ዮዜፍ ሞር ግጥሙን አምጥቶ እንደሰጠው፣ ዜማ እንዲያወጣ የጠየቀውም እሱ እንደሆነ ጽፎ ፈረመ።

በ1995 ደግሞ በሞር በራሱ እጅ የተጻፈ ቅጂ ተገኘ። ከግርጌው ግጥሙ የእሱ እንደሆነ ከ1816 ዓመት ጋር ጽፏል፤ ከራስጌው ዜማው የግሩበር ነው ይላል። እየው እንግዲህ፤ ቄሱ የመምህሩን ስም ጽፎ አኖረ፣ መምህሩ የቄሱን። ይህን መጀመሪያ ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ለእነሱ ግን አልነበረም።

ለአጎትህ ነው። አታውቀውም፤ አንተ ሳትወለድ ነው ያረፈው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሮ ዓይኑ ሲደክም ወደ መንደር ተመለሰ። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር የገና ተጫዋቾች ግጥም ፍለጋ ወደ እሱ ይመጣሉ፤ የላይ ሰፈሮቹ ጠዋት፣ የታች ሰፈሮቹ ማታ። ለሁለቱም ይሰጣል፤ አንዱን የሚሰድብ ለሌላው የሚሰጠውን ያህል አሳምሮ። ወረቀት አይዝም ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ ከብት የምጠብቅ ልጅ ነኝ፣ ፊደል ገና አልቆጠርኩም። እሱ ከሞተ ብዙ ቆይቶ አንድ ዘፋኝ ከእነዚያ ግጥሞች አንዱን በሬዲዮ ዘፈነው። አያትህ እንዝርቷን ይዛ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ገና በመጀመሪያው ስንኝ አወቀችው። እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችን። እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ከዚያ የልጇን ስም እስኪጠሩት ጠበቀች። ጋዜጠኛው «የሕዝብ ግጥም» ብሎ ወደ ሌላ ዘፈን አለፈ። «ሳይሰሙ ቀርተው ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ዘፈን ተናግራ አታውቅም። ዘፋኙን ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ምናልባት ማንም አልነገረውም። አንተን ግን የነገረህ አለ። በዓይንህ አይተሃል።

የመሪጌታ ልጅም እናት አለችው።

እንዲህ ካላደረግህ ቤቴ አትምጣ ልልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አልጽፈውም፤ እናትህ ይህን ዓመት ሙሉ መምጫህን ስትቆጥር ነው የከረመችው፣ እኔም ካንተ ሌላ ማን አለኝ። ግን ልጄ፣ አዝንብሃለሁ። የሰው ስም ሸፍነህ ዘፈኑን አታውጣ። ኃጢአት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ግጥሙን ሳነበው ያ ልጅ የለፋበት ሌሊት ስለሚታየኝ ነው። በእኛ አገር ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ ቤት፣ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ጉባኤ ላይ የሚቀኝ ተማሪ ሁለተኛ ቀና ብሎ አይቀመጥም። አንተ ደግሞ የዚህ አገር ልጅ ነህ።

ማስታወቂያውን የሠራልህን ሰው ዛሬውኑ አስተካክል በለው። «ግጥም» ብለህ የእሱን ስም ለብቻው፣ «ዜማ» ብለህ ያንተን ለብቻው፣ ፊደሉም እኩል ይሁን። ገንዘብ ካመጣም ተካፈሉ፤ ለተማሪ ለልብስና ለስንቅ ይሆነዋል። ስሙን እንዳያሳስቱት እሱ ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ ይንገርህ፤ የክርስትና ስሙ ነው ወይስ የዓለም ስሙ የሚወጣው፣ ጠይቀው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የአክስትህ ልጅ ነው። በእሱ በኩል ለእናትህ የደም ግፊት መድኃኒት ላክ፤ እዚህ ከፋርማሲ ጠፍቷል፣ የያዘችውም እያለቀ ነው። የማሸጊያውን ስም በደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሃለሁ፣ ሌላ እንዳይሰጡህ። ሽሮና በርበሬ ልካልሃለች። ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ አዘጋጅተናል፣ መንገዱ ደህና ሲሆን በአይሱዙ እንጭነዋለን፤ ከመናኸሪያ ራስህ ተቀበል፣ ሰው አትላክ። ወፍራም ጃኬትህን ይዘህ ና።

ለመሪጌታ ልጅ ቀን ቀን አትደውል፤ ጉባኤ ላይ ስለሚሆን ስልኩ ይዘጋል። ማታ ከራት በኋላ ሞክር፤ ካልተገኘ ለእናቱ ደውልና መልእክት ተውለት። ከገና በፊት አነጋግረኸው ለእኔም ያለህን ንገረኝ።

አባትህ
ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 10