የማቆያ ልጆች በእጃቸው ይማሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ የት ይዋል? ባሕር ዳር ውስጥ ይህ የብዙ እናቶች ጭንቀት ነው።

ለልጄ ቦታ ስፈልግ ያየኋቸው ማቆያዎች ንጹሕ ናቸው፤ ሞግዚቶቹም ደጎች ናቸው። ግን አንዱ ጋ ሕፃናቱ ተደርድረው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል። ሌላው ጋ የሁለት ዓመት ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ። ኧረ ይሄ ዕድሜ የሚማረው በእጁ ነው! ውሃ ከጣሳ ወደ ጣሳ ሲገለብጥ፣ ክዳን ሲከፍትና ሲገጥም፣ የደንገል ቅርጫት ውስጥ ዕቃ ሲከትና ሲያወጣ ጣቱም አእምሮውም ይሠራል። (ባቄላን የመሰለ ትንሽ ነገር ግን ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራልና ይራቅ። ውሃ ካለም ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ።) ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አብራው ቁጭ ብላ የምታወራው ሞግዚት ናት። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት አይጫኑባት፤ ደሞዟም ይታሰብበት። ልጅ ሰው ሲቀያየርበት ይረበሻል።

ለማቆያዎቹ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግቢውንና አልጋውን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉም ይመልከትልን።

አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር