ደሙ የት ሄደ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ብያለሁ። በሆርሞን ስለሚሠሩ የወሊድ መከላከያዎች አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ሕክምና የሚለውን ያቀረባችሁበትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሆርሞን በሽታ ያመጣል፣ ደም ያረጋል፣ ተፈጥሯዊው ይሻላል ይላል። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። በወጣ በሁለተኛው ቀን አንዲት ደንበኛዬ ጽሑፉን ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ። «እህቴ፣ ክኒኑን ላቁመው እንዴ?» አለችኝ። ይህን ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

አዩርቬዳን ልንቅ አይደለም የመጣሁት። የቆየ ሕክምና ነው። በዚያ አስተሳሰብ «አፓና ቫታ» የሚባል፣ ወደ ታች የሚገፋ ነፋስ አለ። የወር አበባን የሚያወርደው እሱ ነው። ሆርሞን ነፋሱን ያውከዋል፣ ከዚያ በሽታ ይከተላል ነው ነገሩ። ሳነበው ሳቄ መጣ። የኛ ሴቶች ሁልጊዜ የሚነግሩኝ እኮ ነው! የሦስት ወሩን መርፌ የተወጋች ሴት የወር አበባዋ ሲቀር «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ትላለች። ራስ ምታቱም የወገብ ሕመሙም በዚያ ይሳበባል። የተጠራቀመ ደም ግን የለም። መርፌው የማህፀኑን የውስጥ ሽፋን ያሳሳዋል። ሽፋኑ ካልወፈረ ደግሞ ፈርሶ የሚወርድ ነገር አይኖርም። እኔም ከዓመታት በፊት፣ ሙያውን ሳልማር፣ ስወጋ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ደሜ የት ሄደ እያልኩ ወራት ተጨንቄያለሁ።

ጽሑፋችሁ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ወቅጦታል። ደም መርጋቱ እውነት ነው። ክኒን ከማይወስዱና እርጉዝ ካልሆኑ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ ደም ሥራቸው ውስጥ ደም ይረጋባቸዋል። ጥምር ክኒን የሚባለው ሁለት ሆርሞን ያለበት ነው፤ አንዱ ኤስትሮጅን ነው። ሌላው ሌቮኖርጀስትሬል የሆነውን ከሚወስዱት ከ5 እስከ 7፣ ድሮስፒሬኖን የሆነውን ከሚወስዱት ደግሞ ከ9 እስከ 12 ይሆናሉ። እርግዝናና አራስነት ግን ከክኒኑም የባሰ ደም ያረጋሉ። ይህቺን ዘላችኋታል። ደግሞም ይህን አደጋ በዋናነት የሚያመጣው ኤስትሮጅን ነው። እኛ አገር ብዙ ሴት የምትጠቀምበት መርፌም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ኤስትሮጅን የለባቸውም። መርፌው የራሱ ጣጣ አለው። አጥንት ያሳሳል፣ ካቆሙት በኋላም ለማርገዝ ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። እሱን መጻፍ ይሻል ነበር።

«ተፈጥሯዊው ይሻላል» የሚለውም አልዋጥልህ አለኝ። አዩርቬዳ ራሱ እኮ የእርግዝና መከላከያ አለው! በቆዩ መጻሕፍቱ ያለ አንድ ቅመማ ከፒፓሊ፣ ከቪዳንጋና ቦራክስ ከሚባል ማዕድን ይዘጋጃል። ፒፓሊ የጢምዝ ዘመድ ነው። ቪዳንጋ ደግሞ የእንቆቆ። አዎ፣ ያው ለኮሶ የምንጠጣው እንቆቆ። ሕንዶቹም ለሆድ ትል ይጠቀሙበታል። ታዲያ ክኒኗን ጥላ ወደዚህ የምትዞር ሴት ብታረግዝ ማን ሊጠየቅ ነው?

አንድ ነገር ግን አልክድም። የአዩርቬዳ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ጠባይዋ ቁጭ ብሎ ይጠይቃታል። እኛ ጋ ግን ስሟን እንኳ ሳንጠይቅ ክኒኑን እናቀብላለን። ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ፣ ደም ግፊት ላለባት፣ ወይም ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ የሚጀምር ማይግሬን ላለባት ጥምር ክኒን አይመከርም። ይህን ለማወቅ ጥቂት ጥያቄና አንድ የግፊት መለኪያ ይበቃል።

ያቺን ደንበኛ አስቀምጬ ለካኋት። 150 በ100። ጥቂት አሳርፌ ደገምኩት፤ ያው ነው። እስክትታይ ድረስ ክኒኑን አቁማ ኮንዶም እንድትጠቀም ነግሬ፣ ግፊቷን ወረቀት ላይ ጽፌ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ክኒኑን ከኛው ስትገዛ ማንም ለክቷት አያውቅም። እኔንም ጨምሮ።

አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ