ላውተን ለምን ወረደ? ለአባቴ ከኖቲንግሃም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስለ ቶሚ ላውተን ሳወራዎ «የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ምን ሊሠራ ወረደ?» አሉኝ። በስልክ አያልቅም ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።

ላውተን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ገና 19 ዓመቱ ነበር። ከኤቨርተን ጋር የሊጉ ሻምፒዮን በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊጉ ተቋረጠ። የጉብዝና ዕድሜው በጦርነቱ አለቀ። ሰላም ሲመጣ ቼልሲ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ያን ጊዜ ሦስተኛ ዲቪዚዮን የነበረው የኛው ከተማ ክለብ ኖትስ ካውንቲ በ20 ሺህ ፓውንድ ወሰደው። በብሪታንያ እንዲህ ያለ ዋጋ ከዚያ በፊት ለማንም አልተከፈለም።

ግን ገንዘቡ የሄደው ከክለብ ወደ ክለብ ነው። ያን ጊዜ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው። በሳምንት 12 ፓውንድ፣ ውድድር በሌለበት ወራት ደግሞ 10 ፓውንድ። ትልቁም ትንሹም ክለብ ከዚያ ማለፍ አይችልም። ኮንትራቱ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ንቅንቅ የለም። ስለዚህ በኪስ በኩል አንደኛም ሦስተኛም ዲቪዚዮን ያው ነው። የኖትስ አሠልጣኝ ደግሞ ከቼልሲ ጀምሮ የላውተን ወዳጅ ነበር። ኳስ ሲያቆም ሥራ እንደሚያገኝም ቃል ተገባለት።

አባዬ፣ ያንን ኳስ ቢያዩት! ወፍራም ቆዳ ነው፤ አፉ በጠፍር ይታሰራል። ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል። ጠፍሩ ግንባርን ካገኘ ደም ያፈሳል። ላውተን በዚያ ኳስ ነው በቴስታ የሚያገባው። ከተከላካዮቹ ጋር አብሮ ይዘላል፤ እነሱ ሲወርዱ እሱ ገና አየር ላይ ነው።

ሦስተኛ ዲቪዚዮን እየተጫወተም በ1948 ቱሪን ላይ እንግሊዝ ጣሊያንን 4 ለ 0 ስታሸንፍ አንዷን ጎል አስቆጥሯል። በ1950 ኖትስ ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲያድግ በዚያ ዓመት ብቻ 31 የሊግ ጎል ነበረው። ያውም ባላንጣቸው ኖቲንግሃም ፎረስት እዚያው ዲቪዚዮን ውስጥ እያለ! እኔ ይህን ሰው ወረደ አልለውም። ወደ ሠራተኛው ሕዝብ ነው የሄደው።

የሚያናድደኝ የኋላው ነው። የደመወዙ ጣሪያ የተነሣው በ1961 ነው፤ እሱ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ። በአሠልጣኝነት ብዙ አልገፋም። መጠጥ ቤትም ከፍቶ ሞክሯል። በ1970ዎቹ ዕዳ አናቱ ላይ ወጥቶ ፍርድ ቤት እስከ መቆም ደረሰ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስፈነደቀ ሰው!

ይህን ሳነብ እርስዎ ትዝ አሉኝ። አዲስ አበባ ቢሮ ሲጠሩ የወረዳውን ትምህርት ቤት መርጠው ሲቀሩ «ራሱን ጣለ» ያሉ ነበሩ። ስንቱን ሐኪምና መሐንዲስ አስተምረው አውጥተዋል! የጡረታዎ ልክ ደግሞ ይታወቃል። እኔ የምልክልዎትን «ለልጆችህ አድርገው» እያሉ ሲመልሱብኝ በጣም ይከፋኛል። ልጆቼ አልጎደለባቸውም። እርስዎ ለዚያ ሁሉ ተማሪ የሰጡትን ማንም አልከፈለዎትም፤ እኔ ልጅዎ ትንሿን እንኳ ልክፈል።

የዚህን ወር በእህቴ ስም ልኬያለሁ። እባክዎ አይመልሱብኝ። የጉልበትዎን መድኃኒት ይግዙበት፤ ሐኪሙም ጋ እሷ ትውሰድዎት። ምን እንዳለዎት እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

የሚወድዎ ልጅዎ